ፓፒያሜንቱ የተሰባበረ ስፓኒሽ አይደለም፦ ስለ ኩራሳው ቋንቋዎች ለቀረበ ጽሑፍ ምላሽ

ኩራሳው ለ2026 የዓለም ዋንጫ ካለፈች ወዲህ ስለዚች የካሪቢያን ደሴት በአማርኛ የሚጻፈው በዝቷል። ነዋሪዋ ወደ 156 ሺህ ቢሆን ነው። በሕዝብ ቁጥር እንዲህ ያነሰ አገር ከዚህ በፊት ለዓለም ዋንጫ አልፎ አያውቅም። እናም ሰው ስለ እሷ ለማወቅ መጓጓቱ ደስ ይላል። ከጽሑፎቹ አንዱ ግን ኳሱን ትቶ ወደ ደሴቲቱ ቋንቋዎች ገባ፤ ብዙ ሰውም ተቀባበለው። ለእኔም ከተለያየ አቅጣጫ ደረሰኝ።

የምኖረው ሆላንድ ውስጥ፣ ሮተርዳም ነው። በዚህ ከተማ የኩራሳው ሕዝብ ቋንቋ የሆነው ፓፒያሜንቱ በትራም ውስጥም፣ በገበያም፣ በሥራ ቦታም በየቀኑ ይሰማል። ከደሴቲቱ የመጡ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ስለዚህ ጽሑፉን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን በትክክል ላስቀምጥ። የኩራሳው ሰው አራት ቋንቋ ይናገራል፦ ፓፒያሜንቱ፣ ደች (የሆላንድ ቋንቋ)፣ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ። ጸሐፊው ይህን እንደ ሀብት አያዩትም። ፓፒያሜንቱ ባሪያዎችና ነጋዴዎች ለመግባባት ያህል የሰባበሩት ስፓኒሽ ነው፤ ሰዋስውም የጽሑፍ ታሪክም የለውም ይላሉ። አራት ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ አንዱንም በቅጡ አይችልም ይላሉ። ኩራሳውና ጎረቤቷ አሩባ በአጻጻፉ እንኳ እንዳልተስማሙ ያነሳሉ። ቱሪዝሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋው በአንድ ትውልድ ይጠፋል ባይ ናቸው። የደሴቲቱ ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋም ደች ነው ብለዋል። መደምደሚያቸው ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደች ብቻ ይማሩ፣ በፓፒያሜንቱ ማስተማር ልጅን ደሴት ላይ መቆለፍ ነው የሚል ነው።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ይመስለኛል። ለልጆቹ የወደፊት ዕድል ማሰባቸው ከየመስመሩ ይታያል። ብዙ አንባቢ ደግሞ ጽሑፉን ወደ ኢትዮጵያ የቋንቋ ክርክር ጎትቶታል። እኔ ወደዚያ አልገባም፤ የምመልሰው ስለ ኩራሳው ብቻ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የተሰባበረ ስፓኒሽ» ከሚለው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና።

ስፓኒሾች ደሴቲቱን የረገጡት በ1499 ነው። በዚያን ጊዜ ካኬቲዮ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖሩባት ነበር። ወርቅ አልተገኘባትም። ስለዚህ በ1513 ኩራሳውንና ጎረቤቶቿን አሩባንና ቦኔርን «የማይጠቅሙ ደሴቶች» አሏቸው። ወዲያውም በ1515 አብዛኛውን ነዋሪ ለጉልበት ሥራ ወደ ሂስፓኞላ (የዛሬዎቹ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያሉባት ደሴት) አጋዙት። በ1634 ደቾች መጥተው ደሴቲቱን ሲይዙ የቀሩትን ጥቂት ስፓኒሾች አስወጡ። ፓፒያሜንቱ የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስፓኒሽ ተናጋሪው ጌታ ከሄደ፣ የደች ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ። የሚሰባበር ስፓኒሽ በደሴቲቱ ላይ ካልነበረ ክሱ ከመነሻው ይናጋል።

ታዲያ ከየት መጣ? የደቾቹ የዌስት ኢንዲያ ኩባንያ ኩራሳውን የባሪያ ንግድ ማከፋፈያ አደረጋት። ከምዕራብ አፍሪካ የተጋዙ ሰዎች በብዙ ሺህ አለፉባት፤ የቀሩባትም ብዙ ናቸው። ከ1650ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ፖርቱጋልኛ የሚናገሩ አይሁዶች ከአምስተርዳምና ከብራዚል መጥተው ሰፈሩ። በ1732 የሠሩት ምኩራብ ዋና ከተማዋ ቪለምስታድ ውስጥ ዛሬም ይጸለይበታል። ባርት ጃኮብስን የመሳሰሉ የቋንቋ ተመራማሪዎች ፓፒያሜንቱ ከኬፕ ቨርዴና ከጊኒ ቢሳው ክሪዮል (ከተለያዩ ቋንቋዎች መገናኘት የተወለደ ቋንቋ) ጋር በአጥንቱ የሚዛመድ መሆኑን በዝርዝር አሳይተዋል። ኩራሳዊው ደራሲና የቋንቋ ሊቅ ፍራንክ ማርቲነስ አሪዮንም አፍሪካዊ ሥሩን አጥብቆ ተከራክሮለታል። የለም፣ መነሻው ስፓኒሽ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። ይህን ያህሉን ለጸሐፊው እተውላቸዋለሁ። ነገር ግን የቋንቋ መነሻ ላይ መከራከር አንድ ነገር ነው፤ ቋንቋውን ሰባራ ማለት ሌላ።

«ሰዋስው የለውም» የሚለውን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በፓፒያሜንቱ «ሚ ታ ፓፒያ» ማለት «እናገራለሁ» ነው። «ሚ ታባታ ፓፒያ» ሲሆን «እናገር ነበር»፤ «ሚ ኣ ፓፒያ» ሲሆን «ተናገርኩ»፤ «ሎ ሚ ፓፒያ» ሲሆን «ልናገር ነው» እንደ ማለት ይሆናል። ግሡ ራሱ አይለወጥም። ጊዜውን የሚሸከሙት ከፊቱ የሚቆሙት ትንንሽ ቃላት ናቸው። ስፓኒሽ ግን የግሡን መጨረሻ በተናጋሪውና በጊዜው ይቀያይራል። አሠራራቸው ፈጽሞ ይለያያል። ብዙ ቁጥርም እንዲሁ ነው። «ካስ» ቤት ነው፤ «ካስናን» ቤቶች። ቁጥር ከቀደመ ግን «ናን» ይወድቅና «ትሬስ ካስ» ይባላል፤ እኛ «ሦስት ቤት» እንደምንለው። ስፓኒሽ ተናጋሪ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ስሙ የግድ በብዙ ቁጥር መሆን አለበት።

ከሁሉም የሚገርመኝ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ነው። «ማታ» የሚለው ቃል ዜማው ሲለወጥ «ተክል» ወይም «መግደል» ይሆናል። በዜማ ብቻ የቃል ትርጉም መለየት በስፓኒሽም፣ በፖርቱጋልኛም፣ በደችም የለም። በምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች ግን ሞልቷል። ሰባራ ስፓኒሽ ከሆነ ስፓኒሽ ያልነበረውን ነገር ከየት አመጣ?

አዎ፣ አብዛኛው ቃል ከስፓኒሽና ከፖርቱጋልኛ ጋር ይመሳሰላል፤ ደችም ብዙ ጨምሮበታል። ይህ እውነት ነው። እንግሊዝኛም ከግማሽ በላይ ቃሉን ከፈረንሳይኛና ከላቲን ወስዷል። እንግሊዝኛን የተሰባበረ ፈረንሳይኛ የሚለው ግን የለም።

ወደ ጽሑፍ ታሪኩ ልለፍ። ጸሐፊው ፓፒያሜንቱ «ትናንት በፊደል የተለቀመ» ነው ብለዋል። እስከ ዛሬ ከተገኙት ሁሉ ቀዳሚው ሰነድ በ1775 የተጻፈ ደብዳቤ ነው። የጻፈው የኩራሳው አይሁዳዊ ነው፤ የጻፈላትም ለሚወዳት ሴት ነው። በ1783 ደግሞ አንዲት እናት ባሕር ማዶ ላለው ባሏ በሕፃን ልጃቸው አንደበት ጻፈችለት። ደብዳቤው ከእንግሊዞች እጅ ወድቆ በመዝገብ ቤታቸው ተቀምጦ ነው ለእኛ የደረሰው። ልብ በሉ፤ ጸሐፊዎቹ ባሪያዎች አይደሉም። በዚያን ጊዜ ፓፒያሜንቱ በሀብታሞቹ ቤትም የፍቅርና የናፍቆት ቋንቋ ሆኗል ማለት ነው። ነጻ ሰዎች ማንም ሳያስገድዳቸው ለቅርብ ሰው የመረጡትን ቋንቋ የባሪያ መግባቢያ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ ያለው የታወቀ ነው። በ1824 ደሴቲቱ የደረሰው የካቶሊክ ቄስ ማርቲኑስ ኒውዊንት ለባሪያዎች በፓፒያሜንቱ አስተማረ፤ የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፍም አሳተመ። የማቴዎስ ወንጌል በ1844 ተተረጎመ። በ1871 «ሲቪሊሳዶ» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ በፓፒያሜንቱ ወጣ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ፒየር ላውፈርና ኤሊስ ጁሊያናን የመሰሉ ገጣሚዎች ተነሡ። ጁሊያና ከአባ ፓውል ብሬኔከር ጋር ሆኖ በየመንደሩ እየዞረ የአረጋውያኑን ዘፈንና ተረት በቴፕ ቀድቷል። ያ ሥራ ባይሠራ ኖሮ አብዛኛው ከተናጋሪዎቹ ጋር ይቀበር ነበር።

የታተመው መጽሐፍ ከደች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ይህን አልክድም። አነስተኛ ሕዝብ ያለው ቋንቋ ሁሉ ይህ ችግር አለበት። ጸሐፊው ያሉት ግን «ጥቂት ነው» አይደለም፤ «የለም» ነው።

«አራት ቋንቋ የሚናገር አንዱንም አይችልም» ለሚለው ብዙ ቦታ አልሰጥም። በ2001ም በ2011ም በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ከመቶ 80 ገደማ የሚሆነው የቤት ቋንቋው ፓፒያሜንቱ ነበር። አራቱ ቋንቋዎች እኩል ተደራርበው የሚጋፉ አይደሉም፤ ሥራቸውን ተከፋፍለዋል። ቤቱ፣ ሰፈሩ፣ ሬዲዮኑ፣ የፓርላማው ክርክር በፓፒያሜንቱ ነው። ሕጉና የፍርድ ቤቱ ወረቀት በደች ይጻፋል። ከቱሪስቱ ጋር በእንግሊዝኛ ይወራል። ስፓኒሹ ከቬኔዙዌላ ነው የመጣው። የቬኔዙዌላ የባሕር ዳርቻ ቅርብ ስለሆነ ለብዙ ዓመታት ነጋዴዎች አትክልትና ፍራፍሬ በጀልባ ጭነው እያመጡ ቪለምስታድ ወደብ ላይ እዚያው ከጀልባቸው ይሸጡ ነበር። ቴሌቪዥናቸውም ይታይ ነበር። ሰው ስፓኒሽ የለመደው እንዲህ እየኖረ ነው። ሉክሰምበርግም ብትሄዱ ሰዉ በሉክሰምበርግኛ፣ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ይኖራል። በዚህ የተነሳ ደነዘዘ ወይም ደኸየ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ስለ አጻጻፉ ልዩነት ያሉት ትክክል ነው። ኩራሳውና ቦኔር እንደ ድምፁ ይጽፋሉ። አሩባ የቃሉን የስፓኒሽ መልክ ትጠብቃለች፤ ስሙንም «ፓፒያሜንቶ» ነው የምትለው። ሁለቱም በ1970ዎቹ አጋማሽ የተወሰኑ ናቸው። ለመጽሐፍ አሳታሚ ይህ እውነተኛ ወጪ ነው፤ ትንሹን ገበያ ለሁለት ይከፍለዋል። ግን ቋንቋው ያልበሰለ መሆኑን አያሳይም። ብራዚልና ፖርቱጋል በአጻጻፍ ሲከራከሩ ስንት ዘመን ሆናቸው። እኛም በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ እንደየልማዳችን እየጻፍን ነው፤ አማርኛ ግን ከመጻፍ አልተገታም።

በአንድ ትውልድ ይጠፋል የሚለው ትንቢት ግን የደሴቲቱን ታሪክ ካለማየት የመጣ ነው። ኩራሳው ከቱሪስት የባሰ ማዕበል አይታለች። ሼል የነዳጅ ማጣሪያውን በ1915 መገንባት ከጀመረ በኋላ ከእንግሊዝ ካሪቢያን ደሴቶች፣ ከሱሪናም፣ ከፖርቱጋሏ ማዴይራ፣ ከቬኔዙዌላ፣ ከሆላንድም ሠራተኛ ጎረፈ። የሕዝቡ ቁጥር በጥቂት አሥርተ ዓመታት እጥፍ ድርብ ሆነ። እነዚያ ሁሉ እንግዶች የየራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ አንዳንዶቹም የኩባንያው አለቆች ነበሩ። የማዴይራው ሰው ልጅ ግን ፓፒያሜንቱ ተናጋሪ ሆነ። የባርቤዶሱም እንደዚያው። ቋንቋው መጤውን ዋጠ እንጂ አልተዋጠም። በ1969 ግንቦት 30 የነዳጅ ሠራተኞች ተቃውሞ ወደ ቪለምስታድ ሲወርድ ሰልፈኛው የተቀሰቀሰው በፓፒያሜንቱ ነበር። በማጣሪያው አጥር ዙሪያ ከየአገሩ የመጣ ሰው ልጆች በአንድ ቋንቋ ነው የቆሙት።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚደግፍ ምሳሌ ራሴ ልጨምርላቸው። አሩባ ውስጥ ሳን ኒኮላስ በምትባል ከተማ የነዳጅ ማጣሪያው ያመጣው እንግሊዝኛ ሥር ሰዶ ቀርቷል፤ ዛሬም የሰፈሩ ቋንቋ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ቦታ ሊይዝ እንደሚችል አምናለሁ። ግን እዚያም ቢሆን ሰዉ ፓፒያሜንቶ ጨምሮ ይናገራል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም ደሴቱን አላጥለቀለቀውም።

የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች እርስ በርስ በደች ማውራታቸውንም እንደ ማስረጃ ጠቅሰዋል። አብዛኞቹ ሆላንድ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ደች ቢቀናቸው አያስደንቅም። ይህ ስለ ስደት ይነግረናል። ደሴቲቱ ላይ ያለ ልጅ በምን ቋንቋ እንደሚያልም አይነግረንም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። የጽሑፉ ትክክለኛ አደጋ እዚህ ነው ያለው፤ የቀረው ሁሉ ወደዚህ ማምጫ ነው።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ስጋት እጋራለሁ። የኩራሳው ሰዎች የኔዘርላንድስ ዜጎች ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው በደች ነው። ብዙ ወጣት ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሆላንድ ይመጣል። እዚህ ደርሶ ደቹ የከበደውን ወጣት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። ቤታቸው ፓፒያሜንቱ የሆነ ወላጆችም ልጃቸውን ወደ ደች ትምህርት ቤት የሚልኩት ይህን ፈርተው ነው። አልፈርድባቸውም። ደች ይጠቅማል፤ ልጆቹ በደንብ ሊያውቁት ይገባል።

ግን ጸሐፊው እንደ አዲስ ሐሳብ ያቀረቡት መፍትሔ ተሞክሯል። ለረጅም ጊዜ ተሞክሯል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የኩራሳው ትምህርት ቤቶች ቋንቋ ደች ብቻ ነበር። በግቢው ውስጥ ፓፒያሜንቱ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ነበር። ታላላቆቹ ዛሬም ይህን እያነሱ ይናደዳሉ። ፓፒያሜንቱ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ወደ አንደኛ ደረጃ የገባው ገና በ1986 ነው። እንግዲህ ደች ብቻ ማስተማር ለልጅ በር የሚከፍት ቁልፍ ቢሆን ኖሮ ያ ዘመን የደሴቲቱ የትምህርት ወርቃማ ዘመን በሆነ ነበር። የሆነው ክፍል መድገምና ትምህርት ማቋረጥ ነው። ለውጡን የጠየቁትም መምህራኑ ራሳቸው ናቸው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቤቱ ደች የሚናገር ከአሥር አንድ አይሞላም። አንድ ልጅ ክፍል ገብቶ ማንበብ ሲጀምር ፊደሉን ከሚያውቀው ድምፅ ጋር ማገናኘት አለበት። ድምፁንም ቃሉንም የማያውቀው ከሆነ የሚሸመድደው ትርጉም የሌለው ነገር ነው። ሒሳቡንም እንደዚያው። መምህሩ ልጁ መደመር አልገባውም ይላል፤ ልጁ ግን ያልገባው ጥያቄው የቀረበበት ቋንቋ ነው። ዩኔስኮ በ1953 ባወጣው ሪፖርት ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ትምህርት ቢጀምር እንደሚሻል የተናገረው ከብዙ አገር ልምድ ተነስቶ ነው። ቅድም ሉክሰምበርግን ስጠቅስ እዚያ ልጆች ማንበብ የሚጀምሩት በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ልክ ነው። ግን ጀርመንኛ የሉክሰምበርግኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ደች ለፓፒያሜንቱ ዘመዱ አይደለም።

ሌላው መንገድ በወረቀት ላይ ያለ ሕልም አይደለም። ፍራንክ ማርቲነስ አሪዮንና ባልደረቦቹ በ1987 ኤራስሞ የተባለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ትምህርቱ በፓፒያሜንቱ ነበር። በጊዜው ብዙ ሰው ሳቀባቸው። አሩባም ልጆች በፓፒያሜንቶ ማንበብ የሚጀምሩበት፣ ደች፣ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ደግሞ ደረጃ በደረጃ የሚጨመሩበት የብዙ ቋንቋ ትምህርት ቤት ሞክራለች። እዚያ ደች እንደ ውጭ ቋንቋ በሥርዓት ይሰጣል፤ ልጁ ያውቀዋል ተብሎ አይገመትም። አንድ ጊዜ ማንበብ የቻለ ልጅ ሌላ ቋንቋ ሲማር ማንበብን እንደገና ከዜሮ አይጀምርም።

ይህን የሚደግፉ ሰዎች ደች ይውጣ አይሉም። ጸሐፊው የተከራከሩት «ፓፒያሜንቱ ብቻ» ከሚል ወገን ጋር ነው፤ እኔ ግን ከማውቃቸው ኩራሳውያን አንዱንም እንዲህ ሲል አልሰማሁም። የሚሉት በሚያውቀው ይጀምር፣ ከዚያ ሌሎቹን ይጨምር ነው። ደሴት ላይ የሚቆልፈው ደግሞ በሁለተኛ ክፍል ተስፋ ቆርጦ የሚወጣበት ትምህርት ነው። ለዚህ ጸሐፊው መልስ ቢኖራቸው በእውነት ላነበው እፈልጋለሁ፦ ደች ብቻ የነበረባቸው ዓመታት ካልሠሩ፣ ሲደገሙ በምን ይለወጣሉ?

እስከዚያው ቢያንስ አንድ ነገር መስተካከል አለበት። «ብቸኛው የመንግሥት ቋንቋ ደች ነው» የሚለው ስህተት ነው። ፓፒያሜንቱና እንግሊዝኛ ከደች ጎን በሕግ የመንግሥት ቋንቋ የሆኑት በ2007 ነው፤ በአሩባ ፓፒያሜንቶ ከዚያም ቀድሞ በ2003 ሆኗል። ጽሑፉ አሁንም ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ስለሆነ ያችን መስመር ዛሬውኑ ቢያርሟት ጥሩ ነው።